ፍሪሲዮን ፔዳሉ ወለል ላይ ለሚቀርባችሁ፦ አቴ ታይፕ 200 የፍሬን ዘይት ኮርቬት ላይ ሞክሬ ያየሁት

ቸኩላችሁ ለምታነቡ መጀመሪያ ፍርዴን ልናገር። አቴ ታይፕ 200 የሚባለው የጀርመን ፍሬን ዘይት ለፍሪሲዮን በጣም አሪፍ ነው (ፍሪሲዮኑም የሚሰራው በፍሬን ዘይት ነው)፣ ደግሜ እገዛዋለሁ። እኔ የሞከርኩት 2007 ኮርቬት ሲ6 (ስድስተኛው የኮርቬት ትውልድ) ማንዋል ላይ ነው፣ ሞተሩን ወደ ላይ ስቤ ማርሽ ስቀይር ፔዳሉ ወለል ላይ ተኝቶ ይቀር የነበረው ነገር ዘይቱ በደንብ ከተቀየረ በኋላ ጠፍቷል። ግን በደንብ የምትለዋን ቃል ያዙልኝ ምክንያቱም አቀያየሩ ከዘይቱ እኩል ነው፣ እና ደግሞ የተጣበቀ ፔዳል ሁሉ በዘይት አይድንም። ስለዚህ ዘይቱን ብቻ አመስግኜ ብሄድ ለማንም አይጠቅምም፣ ችግሩ የዘይት ይሁን የሌላ እንዴት እንደሚለይም አብሬ ነው የምጽፈው። እዚህ ቨርጂኒያ ሜሪላንድ አካባቢ ስንት ልጅ ነው ማንዋል መኪና ወዶ ገዝቶ ፔዳሉ ሲያስቸግረው በቀጥታ ፍሪሲዮን ሙሉ ይቀየር ተብሎ ሺዎች ዶላር የሚጠየቀው፣ ያ ነገር ከልቤ ነው የሚያናድደኝ።

ምልክቱን ልግለጽ። መኪናው ቀዝቃዛ ሲሆን ምንም የለበትም፣ ሰፈር ውስጥ ቀስ ተብሎ ሲነዳ ፔዳሉ እንደ አዲስ ነው። ነገሩ የሚመጣው ሞተሩም ከስር ያለው ብረትም በደንብ ከሞቀ በኋላ ሃይዌይ መግቢያ ላይ በሁለተኛ ማርሽ እስከ 6000 አር ፒ ኤም (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው) አካባቢ ስባችሁ ወደ ሶስተኛ ልትሄዱ ፍሪሲዮን ስትረግጡ ነው። እግራችሁ ይነሳል ፔዳሉ ግን አይነሳም፣ እዛው ወለሉ ጋ ይቀራል፣ ከዛ ትንሽ ቆይቶ በራሱ ቀስ ብሎ ይመጣል ወይ ደግሞ የጫማችሁን ጫፍ ከስሩ አስገብታችሁ ታነሱታላችሁ። ይሄ ቤልትዌይ (ዋሽንግተንን የሚዞረው ሃይዌይ) ላይ ከኋላችሁ ትልቅ የጭነት መኪና እየመጣ ሲሆን ቀላል ነገር አይደለም። እንዲህ ከገጠማችሁ ነዳጁን ልቀቁ፣ ማርሹን ፎሌ አድርጉ፣ መኪናው በራሱ እየሄደ ወደ ዳር ያዙ፣ ፔዳሉን በእግር ጣት ለማንሳት ብላችሁ አይናችሁን ከመንገዱ እንዳትነቅሉ። ፍሬን በሌላ መስመር ስለሆነ ይሰራል፣ አትደንግጡ።

እኔ መጀመሪያ መኪናውን የወሰድኩበት ጋራዥ (ስሙን አልጠራም) ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍት ነው ፍሪሲዮኑ አልቋል ያለኝ። ኮርቬት ላይ ደግሞ ፍሪሲዮን መቀየር ማለት ትልቅ ስራ ነው፣ ምክንያቱም ከሲ5 ጀምሮ ማለትም ከ1997 በኋላ እስከ ሲ7 ድረስ ካምቢዮው ሞተሩ ጋ አይደለም ያለው፣ ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እንዲመጣጠን ተብሎ ኋላ ከዲፈረንሻሉ ጋ ነው የተቀመጠው፣ በመሀል ቶርክ ቲዩብ የሚባል ረጅም ቱቦ አለ፣ ፍሪሲዮኑ ግን እዛው ፊት ሞተሩ ጋ ነው የቀረው። ስለዚህ እሱ ጋ ለመድረስ ጭስ ማውጫው ይፈታል፣ የኋላው አካል ከነካምቢዮው ይወርዳል፣ ቶርክ ቲዩቡ ይወጣል። እቃው ራሱ እንኳን ባይወደድ የእጅ ዋጋው ብቻ ያማል። ይሄን ሁሉ አንድ ትንሽ ክዳን ከፍቶ ማየት ሊያስቀረው ይችል ነበር።

ያተረፈኝ አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ የኛ ሰው መካኒክ ነው፣ በእድሜ ገፋ ያለ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። በስልክ ምልክቱን ስነግረው ብዙም አላስጨረሰኝም። "ልጄ፣ መኪናዋ ጉልበት ታጣለች? ማርሽ አስገብተህ ነዳጅ ስትሰጣት አር ፒ ኤሙ ብቻውን ይወጣል?" አለኝ። "አይ ጋሼ፣ ጉልበቷ አለ" አልኩት። "እንግዲያው ዲስኩን ተወው፣ የፍሪሲዮን ዘይቷን ክዳን ክፈትና ቀለሙን ንገረኝ" አለኝ። ስከፍተው ዘይቱ ጥቁር ነው፣ የተቃጠለ ሞተር ዘይት ነው የሚመስለው፣ ስሩ ላይ ደግሞ ጭቃ ነገር ተኝቷል። መኪናው ሁለተኛ እጅ ነው፣ ከኔ በፊት የነበሩት ሰዎች የሞተር ዘይቱን በስርዓት ቀይረዋል ወረቀቱም አለ፣ የፍሪሲዮን ዘይት ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም። ይሄ የመኪናው ጥፋት አይደለም፣ የተረሳ ሰርቪስ ነው። አብዛኛው ሰው ይቺ ትንሽ የፍሪሲዮን ዘይት ማስቀመጫ መኖሯንም አያውቅም፣ ከፍሬን ዘይቱ ማስቀመጫ አጠገብ ተደብቃ ነው ያለችው።

ለምን እንደሚጠቁር ማወቅ ይጠቅማል። ፔዳሉን ስትረግጡ የላይኛው ፓምፕ፣ ማስተር ሲሊንደር የሚሉት፣ ዘይቱን በቀጭን ቱቦ ወደ ታች ይገፋዋል። ታች ሞተሩ መጨረሻ ላይ ባለው የፍሪሲዮን ቤት ውስጥ በዘንጉ ዙሪያ እንደ ቀለበት የተቀመጠ የታችኛው ፓምፕ አለ፣ ስሌቭ ሲሊንደር፣ እሱ ኩሽኔታውን ገፍቶ የፕሬዠር ፕሌቱን (ዲስኩን አጣብቆ የሚይዘውን ብረት) ሞላ ይጫነዋል፣ ዲስኩ ይለቃል፣ ማርሽ ይገባል። ፔዳሉን መልሶ ወደ ላይ የሚያመጣው ደግሞ በዋናነት ያው ትልቁ ሞላ ነው፣ ዘይቱን ወደ ኋላ እየገፋ። አሁን ዲስኩ በሰራ ቁጥር ዱቄት ይወጣዋል፣ ዱቄቱ የሚሄድበት ስለሌለ እዛው ቤት ውስጥ ይዞራል፣ የታችኛው ፓምፕ ደግሞ መሀሉ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ጎሚኒው ወደፊት ወደኋላ ባለ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ዱቄት ይዞ ይገባል። ጎሚኒውም ራሱ ይፋቃል። ዘይቱ ውስጥ አሸዋ መሰል ነገር ሲጠራቀም ጎሚኒዎቹ እንደ ልብ አይንሸራተቱም።

ሁለተኛው ነገር ውሃ ነው። ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት የፍሬን ዘይት ደረጃዎች የተሰሩበት ነገር ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ክዳኑ ቢዘጋም በጎማውና በቱቦው በኩል ቀስ እያለ ይገባል። አዲስ ዶት 3 መስፈርቱ ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው የሚፈላው፣ ውሃ ሲገባበት ግን እስከ 140 ሊወርድ ይፈቀድለታል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥቡ 155። የፍሪሲዮን ቤቱ ደግሞ ሞተርም ዲስክም ጭስ ማውጫም የሚያሞቀው ቦታ ነው፣ ያረጀ ዘይት እዛ ውስጥ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ይጨመቃል ዘይት ግን አይጨመቅም፣ ስለዚህ ሞላው መልሶ ሲገፋ ግፊቱ ፔዳሉ ጋ አይደርስም። በዛ ላይ ብዙ ማንዋል መኪኖች ላይ እግር እንዳይደክም ተብሎ ፔዳሉ ላይ የሚያግዝ ትንሽ ሞላ አለ፣ ያ ሞላ ፔዳሉ መሀሉን ካለፈ በኋላ ወደ ወለሉ ነው የሚስበው፣ ስለዚህ ከታች የሚመጣው ግፊት ትንሽ ከደከመ ፔዳሉ እዛው ይቀራል። ፔዳሉ በቀዝቃዛው ደህና ሆኖ ሲሞቅ ብቻ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው።

እሺ ዘይቱ ካልሆነስ? መጀመሪያ ምንጣፉን እዩ። እውነቴን ነው፣ ከሌላ መኪና የመጣ ወይ ያልታሰረ ምንጣፍ ተንሸራቶ ፔዳሉን ይይዛል፣ አውጥታችሁ ሞክሩት፣ ነጻ ነው። ከዛ ሞተሩ ጠፍቶ በእጃችሁ ፔዳሉን ወደ ታች ግፉና ልቀቁት፣ ሲጮህ ወይ ሲቧጥጥ ወይ መሀል ላይ ሲያዝ ከተሰማችሁ ችግሩ የፔዳሉ መታጠፊያ ቡሽ ወይ ሞላው ነው፣ ማጽዳትና ግሪስ ይበቃዋል። መብራት ላይ ቆማችሁ ፔዳሉን ረግጣችሁ ይዛችሁ ሳለ መኪናው ቀስ ብሎ ወደፊት መንፏቀቅ ከጀመረ እና ዘይቱ ካልጎደለ የላይኛው ፓምፕ ውስጡ ጎሚኒው አልፎበታል፣ ዘይቱ በጎን ይመለሳል ማለት ነው፣ እሱን አዲስ ዘይት አያድነውም። ዘይቱ እየጎደለ ከሆነ የሆነ ቦታ ይፈሳል፣ ከዳሽቦርዱ ስር ፔዳሉ የተያያዘበትን ዘንግ በነጭ ሶፍት ንኩት፣ እርጥብ ከሆነ የላይኛው ነው፣ ከመኪናው ስር የፍሪሲዮን ቤቱ ታችኛው ጫፍ ከረጠበ ደግሞ የታችኛው ነው። ያረጀ ጎማ ቱቦም አለ፣ ውስጡ አብጦ ዘይት ይሄዳል ግን አይመለስም፣ ይሄ ልክ የዘይቱን ችግር ነው የሚመስለው ስለዚህ ዘይቱን ቀይራችሁ ካልተሻለ ቀጥሎ የምትጠረጥሩት እሱን ነው።

ዲስኩ ማለቁ ግን ሌላ ምልክት ነው ያለው፣ ይሄን እባካችሁ አትቀላቅሉት። ዲስክ ሲያልቅ ፔዳሉ አይደለም የሚጣበቀው፣ መኪናው ነው የማይሄደው። በአራተኛ ወይ በአምስተኛ ማርሽ ዝቅተኛ አር ፒ ኤም ላይ ሆናችሁ ነዳጁን ሙሉ ስትረግጡ አር ፒ ኤሙ ዘሎ ፍጥነቱ እዛው ከሆነ፣ የተቃጠለ ሽታም ከመጣ፣ አዎ ፍሪሲዮን ነው፣ ክፈሉና አስቀይሩ። ያን ያልሞከረ መካኒክ ፍሪሲዮን አልቋል ቢላችሁ ሌላ ሰው ጠይቁ።

ሌላ መኪና ላላችሁም አንድ ሁለት ነገር ልበል። ማዝዳ ሚያታ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፣ የታችኛው ፓምፕ ካምቢዮው ጎን ላይ ከውጪ በሁለት ቡሎን ነው የታሰረው፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፣ ከተጠራጠራችሁ ከነቱቦው አስቀይሩት በቃ። ከ2005 ወዲህ ያሉት ማስታንጎች ላይ የፍሪሲዮኑና የፍሬኑ ዘይት ከአንድ ማስቀመጫ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ዘይት መምጠጥ ስትጀምሩ ፍሬኑን ባዶ እንዳታደርጉት። ኒሳን 370ዜድ ላይ ያለው ጉዳይ ደግሞ ከዘይት ያለፈ ነው ተብሎ ፍርድ ቤት የደረሰ ነው፣ የታችኛው ፓምፕ አሰራር ሙቀት ወደ ዘይቱ ያስተላልፋል ፔዳሉም ወለል ላይ ይቀራል የሚል ክስ ነው፣ በ2019 የዘጠነኛው ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የካሊፎርኒያ ገዢዎች በቡድን እንዳይከሱ ያለውን የስር ፍርድ ቤት ውሳኔ ሽሮታል። እዛ መኪና ላይ ፓምፑን በተሻለ እቃ የሚቀይሩት ብዙዎች ናቸው፣ ስለዚህ የኔን ሪቪው እንዳለ ወስዳችሁ 370ዜድ ላይ አትጠብቁት።

አሁን ወደ ዘይቱ። አቴ የድሮ ስም ነው፣ አልፍሬድ ቴቬስ የሚባል ሰው በ1906 ፍራንክፈርት ከመሰረተው ድርጅት የመጣ ነው፣ ፍሬን ላይ ስማቸው የታወቀ ነው። ታይፕ 200 ዶት 4 ነው፣ አዲስ ሲሆን የሚፈላው በ280 ዲግሪ፣ እርጥቡ 198 ዲግሪ። ከላይ ከጻፍኩት መስፈርት ጋ አስተያዩት፣ ውሃ የገባበት ታይፕ 200 ከአዲስ ተራ ዶት 3 ብዙም አያንስም። ለኔ ትልቁ ቁጥር 280 ሳይሆን 198ቱ ነው። ለምን ብትሉ ፍሪሲዮን ውስጥ ያለ ዘይት ቶሎ ነው የሚያረጀው፣ አዲስ ሆኖ የሚቆየው ትንሽ ጊዜ ነው፣ ካረጀ በኋላ ምን ያህል ይችላል ነው ጥያቄው። ሞቱል አር ቢ ኤፍ 600 የሚባለው ሌላ ዘይት አዲሱ 312 ይደርሳል፣ ሳሚት ፖይንት የእሽቅድድም ሜዳ ሄደው ለሚነዱ ሰዎች እሱ ጥሩ ነው፣ ግን ዋጋው ከፍ ይላል ለየቀን መኪና ያን ያህል አያስፈልግም። አውቶዞን (የመኪና እቃ መደብር) የሚሸጡት ተራ ዶት 4 ደግሞ ቶሎ ቶሎ ከተቀየረ ስራውን ይሰራል፣ ሰው ገንዘብ ካጠረው እሱንም ይጠቀም፣ ከጥቁር ዘይት ማንኛውም ንጹህ ዶት 4 ይበልጣል። እኔ አቴን የመረጥኩት በመሀል ስለሆነ ነው፣ አንድ ሊትሩ በ20 ዶላር አካባቢ ነው የሚገኘው፣ ለዚህ ጥራት ይሄ ዋጋ ጥሩ ነው።

ድሮ ይሄው ዘይት ሰማያዊ ሆኖም ይሸጥ ነበር፣ አንዴ ሰማያዊ አንዴ ቢጫ እያደረጉ አዲሱ መድረሱን በቀለም ለማየት በጣም ይመች ነበር አሉ። የአሜሪካ ህግ ግን የዶት 3 እና ዶት 4 ዘይት ቀለም የሌለው ወይ ቢጫ ካራሜል አይነት ብቻ እንዲሆን ስለሚያዝ እዚህ አገር ቆሟል። ለፍሬን ያሳዝናል፣ ለፍሪሲዮን ግን ግድ የለም፣ የሚወጣው ጥቁር የሚገባው ቢጫ ስለሆነ አይምታታም።

አቀያየሩ ላይ ረጋ በሉ ምክንያቱም ሰው እዚህ ጋ ነው ቸኩሎ ዘይቱ አይሰራም የሚለው። ሲ6 ላይ ትክክለኛው የአየርና የዘይት ማስወጫ ቡሎን የታችኛው ፓምፕ ላይ ፍሪሲዮን ቤቱ ጋ ነው፣ እጅ ማስገቢያ የለውም ማለት ይቻላል፣ ረጅም ቁልፍና ትዕግስት ይፈልጋል። ስለዚህ ሰዎች ያገኙት ዘዴ ከላይ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ኮፈኑን ክፈቱ፣ የማስቀመጫውን ዙሪያ በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፣ ክዳኑን ስትከፍቱ ውስጡ ያለችውን ጎማ አውጥታችሁ በንጹህ ጨርቅ ጥረጓት። ሲሪንጅ ላይ ቀጭን ቱቦ አስገብታችሁ ጥቁሩን ዘይት ምጠጡ፣ የተኛውን ጭቃ ክር በማይለቅ ጨርቅ አውጡ፣ አዲሱን ዘይት ጨምሩ፣ ክዳኑን ዝጉ፣ ገብታችሁ ፔዳሉን ቀስ እያላችሁ እስከ ታች እየረገጣችሁ ልቀቁ፣ ሰላሳ ያህል ጊዜ። ፔዳሉ ሲመለስ ታች ያለው ዘይት ከላይኛው ጋ ይቀላቀላል፣ ተመልሳችሁ ስትከፍቱ አሁን የሞላችሁት ንጹህ ዘይት ጠቁሮ ታገኙታላችሁ። እንደገና ምጠጡ፣ እንደገና ሙሉ። ልክ ቡና ከአቦል ወደ በረካ እንደሚቀጥነው በየዙሩ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ቢጫው ቢጫ ሆኖ እስኪቀር አትተዉት። አንድ ነገር ብቻ በጣም ተጠንቀቁ፣ ማስቀመጫው ባዶ ሆኖ ሳለ ማንም ሰው ፔዳሉን እንዳይረግጥ፣ ልጅም ቢሆን መኪናው ውስጥ አይግባ። አየር ከገባ ከላይ ማስወጣት ከባድ ነው፣ የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ማስቀመጫው አፍ ላይ ገጥሞ መሳብ ሊያስፈልግ ነው።

አሞላሉም ላይ የተለየ ነገር አለ። ፍሬን ላይ ሸራው እያለቀ ሲሄድ ዘይቱ ይወርዳል፣ እንዲህ አይነት ፍሪሲዮን ላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ ዲስኩ ሲሳሳ የታችኛው ፓምፕ ወደ ኋላ ይገፋና ዘይቱ ወደ ላይ ይመጣል። ስለዚህ እስከ አፉ አትሙሉት፣ ምልክቱ ላይ አቁሙት፣ ዘይቱ መመለሻ ቦታ ይፈልጋል። ደግሞ ይሄ ዘይት ቀለም ይበላል፣ ኮርቬት ላይ አንድ ጠብታ ፌንደሩ ላይ ወድቃ ብትቆይ ቀለሙን ታነሳዋለች፣ ዙሪያውን ጨርቅ አልብሱት ውሃ የተሞላ ጠርሙስም አጠገባችሁ ይኑር፣ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ እጠቡት። ጓንቲ አድርጉ። ዶት 5 የሚባለውን ሲሊከኑን በፍጹም አትቀላቅሉ፣ ቁጥሩ ስለጨመረ የተሻለ ይመስላል ግን ሌላ ነገር ነው፣ ከዶት 4 ጋ የሚስማማው 5.1 ነው። የሞተር ዘይት ወይ የመሪ ዘይት ደግሞ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ላይኛውንም ታችኛውንም ፓምፕ ነው የሚያበላሸው፣ ጠብታም ቢሆን።

ውጤቱ እንዴት ነበር? የመጀመሪያው ቀን ብዙ ለውጥ አልጠበቅኩም ምክንያቱም ታች ያለው ዘይት አንዴ አይወጣም፣ ግን ገና ከዛው ቀን ፔዳሉ ሲመለስ ፈጠን ብሎ እግሬን ሲከተል ይሰማኝ ነበር። ጥቂት ቀን ነድቼ ስከፍተው ዘይቱ እንደገና ግራጫ ሆኗል፣ ደገምኩት፣ ቀጣዩ ሳምንትም እንደዛው። ከዛ በኋላ ሞቆ፣ ወደ 6000 ተስቦ፣ ከሁለተኛ ወደ ሶስተኛ፣ ፔዳሉ ከእግሬ ጋ ይነሳል። በሐምሌ ሙቀት ሃይዌይ 395 ላይ ትራፊክ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስንፏቀቅ ቆይቼም ያው ነው፣ እዛ ላይ ነበር ድሮ መጨረሻው ላይ የሚልፈሰፈሰው። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው የተራራ መንገድ ላይም ወጥቼበታለሁ፣ እዛ ፍጥነቱ 35 ማይል ስለሆነ ሞተሩን አያስጨንቀውም ግን ማርሽ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፣ ፔዳሉ ከላይ እስከ ታች አንድ አይነት ነው፣ የሚይዝበት ቦታም አይዋልልም። 400 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ላይ ፍሪሲዮን ማመን መቻል ደስ ይላል፣ ደስታው ሌላ ነው፣ ከዛ በፊት ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ይነሳ ይሆን እያልኩ ነበር የምነዳው።

የማይጥመኝ ነገርም አለ። አንድ ሊትር ለፍሪሲዮን ብቻ ብዙ ነው፣ ቆርቆሮው አንዴ ከተከፈተ ደግሞ እርጥበት መሳብ ይጀምራል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ብሎ ጋራዥ ውስጥ ማስቀመጥ የለም። ስለዚህ ስትገዙ ፍሬኑንም አብራችሁ ለመቀየር አስቡ፣ ያኔ ሊትሩ ልክ ነው። ሌላው፣ ዘይቱ ዱቄቱ እንዳይገባ አያደርግም፣ ማንኛውም ዘይት አያደርግም። ከወራት በኋላ መጥቆሩ አይቀርም፣ የሞተር ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር ክዳኗን ክፈቱና እዩ፣ ጠቁሮ ከሆነ አንድ ሁለት ዙር ምጠጡ። ድርጅቱ ዘይቱ እስከ ሶስት ዓመት ይቆያል የሚለው ለፍሬን ነው፣ እኔ ፍሪሲዮን ላይ በዛ አልሄድም።

እና አንድ ቀን ዲስኩ የምር ሲያልቅ፣ ሁሉም ነገር ወርዶ ሳለ፣ የታችኛውን ፓምፕ አብራችሁ አስቀይሩ፣ አሮጌውን መልሶ የሚገጥም ሰው ጋ አትሂዱ። በዛው የአየር ማስወጫውን ወደ ሞተሩ ክፍል የሚያወጣ ረጅም ቱቦ ይሸጣል፣ ስፒድ ብሊደር ላይን የሚሉት፣ ቲክ ፐርፎርማንስ ከሚሰሩት አንዱ ነው። አንዴ ከተገጠመ በኋላ ዘይት መቀየር ከላይ ቆሞ የሚሰራ ስራ ይሆናል፣ ያን ሁሉ በሲሪንጅ መዞር ይቀራል። ለሱ ብቻ ብሎ መኪናውን ማስወረድ ግን አይገባም፣ እኔም እስካሁን አላስገጠምኩም።

ለማን ነው የምመክረው፣ ዘይቱ የጠቆረበት፣ መኪናው ጉልበቱ ያለ፣ ፔዳሉ ሲሞቅ ብቻ የሚቀርበት ሰው ይግዛው። መብራት ላይ ፔዳሉ የሚሰምጥበት ወይ ዘይት የሚጎድልበት ሰው ብሩን ለፓምፕ ያስቀምጥ። ያወጣችሁትን ጥቁር ዘይት መሬት ላይ ወይ ፍሳሽ ውስጥ አትድፉት፣ መርዝ ነው፣ ከሞተር ዘይት ጋም አትቀላቅሉት፣ ክዳን ባለው ጠርሙስ አድርጉት። ፌርፋክስ ካውንቲ የምትኖሩ ዌስት ኦክስ መንገድ ያለው አይ 66 ትራንስፈር ስቴሽን የቤት ውስጥ አደገኛ ቆሻሻ ይቀበላል፣ ሌላ ካውንቲ ያላችሁም የራሳችሁን ደውላችሁ ጠይቁ።